የቤተሰብ ታሪክ ፍለጋ፦ ጀማሪ ከየት ይነሳ?

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የቤተሰቤን ታሪክ መፈለግ ከጀመርኩ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው፤ ከአሁኑ ግራ ገብቶኛል። አባቴ ካረፈ በኋላ ዕቃውን ስናነሳ አንድ አሮጌ አልበም አገኘን። ሦስተኛው ገጽ ላይ አራት ሰዎች በር ላይ ቆመው ይታያሉ። ወንድ አያቴን፣ ሴት አያቴንና እሳቸው ያቀፉትን ሕፃን፣ አባቴን ማለት ነው፣ አውቃቸዋለሁ። አራተኛዋ ዳር ላይ የቆመች ወጣት ሴት ናት፤ እጇን የሕፃኑ እግር ላይ አሳርፋለች። ማን እንደሆነች የሚያውቅ ቤት ውስጥ አልተገኘም። ደግሞም ከሕፃኑ በቀር ሦስቱም የሚያዩት ካሜራውን አይደለም፤ ወደ ግራ፣ ዝቅ አድርገው ነው። ፎቶው ገጹ ላይ በሙጫ ተለጥፏል። አንዱ ጥጉ ስለተነሳ ከጀርባው የእጅ ጽሑፍ እንዳለበት ያስታውቃል፤ የሚነበበው ግን ሁለት ፊደል ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን የወንድ አያቴን ስም ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ፣ ሰው አዘጋጅቶ የጫነው የዘር ሐረግ ወጣልኝ። ዘጠኝ ትውልድ ወደ ኋላ ይሄዳል። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፤ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ከዚያው ልቀጥል ወይስ ከሌላ ቦታ ልነሳ? የአባቴ ታላቅ እህት በሕይወት አሉ፤ 84 ዓመታቸው ነው። እሳቸውንስ ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

ይህን ከጻፍኩ ሁለት ወር አለፈ፤ መልሱም እስከ ዛሬ 19 ደርሷል። ክሩ፣ የዚህ ገጽ ውይይት ማለት ነው፣ ስለረዘመ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ለሚታክተው ሰው ብዬ፣ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫቸዋለሁ። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ መልስ

ቀድመው የደረሱልኝ በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት የቆዩ እናት ናቸው። ሞቅ አድርገው ከተቀበሉኝ በኋላ ዘጠኙን ትውልድ ለጊዜው አጥፌ እንዳስቀምጠው ለመኑኝ። ፍለጋ የሚጀመረው ከራስ ነው፤ ከራስ ወደ ወላጅ፣ ከወላጅ ወደ አያት፣ አንዱ ደረጃ ሳይረጋገጥ ወደሚቀጥለው አይወጣም። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ነገር እንድጽፍም ነገሩኝ፦ የት፣ መቼ፣ እና ይህን ከማን አፍ ወይም ከየትኛው ወረቀት እንዳገኘሁት። ሦስተኛውን ጀማሪ ሁሉ ይዘለዋል አሉ። እሳቸውም ዘለውት ነበር፤ ከዓመታት በኋላ የአንዲት ቅድመ አያታቸውን የልደት ቀን ከየት እንዳመጡት ጠፍቷቸው ሥራውን እንደ አዲስ ደግመውታል።

ከሁሉም መልስ አንዱን ብቻ መምረጥ ቢኖርብኝ ዛሬ የምመርጠው ይህንን ነው።

2ኛ መልስ

አጭር ነው። በደብተር መጀመር እንደማይከፋ፣ ወደ ኮምፒውተር ስሻገር ግን የምመርጠው ፕሮግራም ጌድኮም የሚባለውን ፋይል ማውጣት መቻሉን አስቀድሜ እንዳረጋግጥ ነው የመከረኝ። ጌድኮም ከ1984 ጀምሮ የዘር ሐረግ መረጃን ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ለማሻገር ያገለገለ አሠራር ነው። እሱን የማያወጣ ፕሮግራም ውስጥ የገባ ሥራ እዚያው ታስሮ ሊቀር ይችላል።

3ኛ መልስ

ይኼኛው ስለ አክስቴ ነው፤ ሳነበው ዓይኔ እንባ ሞላ። መላሹ ወጣት ሳለ አያቱን ለመጠየቅ የድምፅ መቅጃ ይዞ ሄዶ ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ የተወለዱበትን ዓመት፣ የተጋቡበትን ዓመት፣ የወንድሞቻቸውን የሞት ቀን እያፈራረቀ ሲጠይቅ ሽማግሌው ደከማቸው። በሌላ ቀን ሲመለስ አሞኛል ብለው ሳያነጋግሩት ቀሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ካሴቱ ዛሬም አለው። ሲሰማው የራሱ ድምፅ ነው የሚበዛው፤ አያቱ የሚሰሙት ለአፍታ፣ አላስታውስም ሲሉ ነው።

ስለዚህ ቀን እንዳልጠይቅ አጥብቆ ነገረኝ። አረጋዊ ሰው ዓመቱን ይረሳል፤ ወንድሙ ከመወለዱ በፊት ይሁን በኋላ፣ ከቤት ቤት ሲዛወሩ ይሁን ከዚያ ወዲህ፣ ያን ግን አይስትም። ፎቶውን እጃቸው ላይ አኑሬ ዝም እንድል፣ በሩ ወዴት ያስገባ እንደነበር፣ ከውስጥ ማን ማን ይተኛ እንደነበር እንድጠይቅ መከረኝ። መቅጃውን አስፈቅዶ መክፈት፣ ከ40 ደቂቃ አለማለፍ፣ ሌላ ቀን ተመልሶ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ መጠየቅ። የሁለቱ ቀን መልስ ቢለያይ ሁለቱንም መጻፍ እንጂ አንዱን መሰረዝ አይገባም። ከሁሉም በላይ ዝም ሲሉ ዝምታውን በሌላ ጥያቄ እንዳልሞላው አደራ አለኝ።

4ኛ መልስ

አራተኛው የመጀመሪያዋን እናት ተቃወመ፤ አነጋገሩም ቆረጥ ያለ ነበር። ሌላ ሰው ደክሞ ያዘጋጀውን ትቶ ከዜሮ መጀመር ጊዜ ማባከን ነው ባይ ነው። እሱ ራሱ ከማያውቀው ሰው የዘር ሐረግ ዛፍ ተነስቶ የቅድመ አያቱን ጋብቻ መዝገብ በአንድ ቀን አግኝቷል። አሮጌዎቹ ፈላጊዎች የራሳቸውን ድካም ጀማሪው ላይ መጫን እንደሚወዱም ጨመረበት።

5ኛ መልስ

የመጣው በሰዓቱ ውስጥ ነው፤ ይባስ የከረረ። ከሰው የተገለበጠ ዛፍ ከሌላ ሰው የተገለበጠ፣ ያም ከሌላ የተገለበጠ እንደሚሆን፣ አንድ ስህተት መቶ ቦታ ስለተጻፈ ብቻ እውነት እንደማይሆን ለአራተኛው አስረዳው። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ ገለበጥኩት ባልኩት ደብተር ላይ የእያንዳንዱን አባት የልደት ዓመት ከልጁ ላይ ቀንሼ ውጤቱን እዚህ እንድጽፍ ጠየቀኝ።

6ኛ መልስ

ይህ የእኔ ነው። ቀንሼ አየሁት። አራተኛው ትውልድ ድረስ ደህና ነው። አምስተኛው ላይ አባት ከልጁ በአራት ዓመት ብቻ ይበልጣል። ሰባተኛው ላይ እናቲቱ ልጇ ከመወለዱ በፊት ሞታለች። ሌሊቱን ሙሉ ስገለብጥ አንዱንም አላየሁትም፤ ዓይኔ የሚያየው ስሞቹን ብቻ ነበር። ደብተሩ ላይ ከአያቴ በላይ ያለውን ሁሉ በእርሳስ አጥሬ አጠገቡ ያልተረጋገጠ ብዬ ጻፍኩ። አራተኛው መላሽ በኋላ ተመልሶ፣ የሰው ዛፍ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ እንዳልሆነ እሱም እንደሚስማማ፣ መዝገቡን ያገኘው ፍንጩን ተከትሎ ዋናውን ገጽ በማየቱ መሆኑን ገልጿል። የሚጣሉ የመሰሉት ሁለት ሰዎች የተለያዩት በቃሉ ላይ ብቻ ነበር።

7ኛ መልስ

አንዲት መምህርት ስሌቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደችው። ወላጅ ሁለት፣ አያት አራት፣ ቅድመ አያት ስምንት እያለ በእጥፍ ስለሚሄድ፣ በዘጠኝ ትውልድ ውስጥ አንድ ሰው 1,022 ቦታ የሚይዙ ቀዳሚዎች አሉት። እኔ የገለበጥኩት የዘር ሐረግ ዘጠኝ ወንዶችንና ጥቂት ሚስቶችን ይዞ ነው ዘጠኝ ትውልድ የተባለው። የቀሩት የት ሄዱ ብላ ጠየቀችኝ። ሠላሳ ትውልድ ከተኬደ እጥፉ ከቢሊዮን ያልፋል፤ በዚያ ዘመን ያን ያህል ሰው በምድር ላይ ስላልነበረ፣ ዘመዳሞች ተጋብተው አንዱ ሰው በብዙ መንገድ ቀዳሚያችን ሆኗል ማለት ነው።

ለቁጥር አሰጣጥም የቆየ ዘዴ አሳየችኝ። ራሴን 1 እላለሁ፤ የማንኛውም ሰው አባት የሰውየው ቁጥር እጥፍ ነው፣ እናት ደግሞ እጥፉ ሲደመር አንድ። አባቴ 2፣ እናቴ 3፣ የአባቴ አባት 4፣ የአባቴ እናት 5። ሚካኤል አይትሲንገር የሚባል ኦስትሪያዊ በ1590 ባሳተመው መጽሐፍ የተጠቀመበት ነው። ባዶ የቀረው ቁጥር ራሱ ቀጥሎ ማንን እንደምፈልግ ይነግረኛል።

8ኛ እና 9ኛ መልስ

ስምንተኛው ስለ መዝገብ ጻፈ። መንግሥት ልደት፣ ጋብቻና ሞት መመዝገብ የጀመረበት ዘመን እንደየአገሩ ነው፤ ፈረንሳይ 1792፣ እንግሊዝና ዌልስ ሐምሌ 1837፣ ስኮትላንድ 1855። ከዚያ በፊት ያለው በአብዛኛው በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ብዙው ስካን ተደርጎ ፋሚሊሰርች በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል፤ መነሻው በ1894 ዩታ ውስጥ የተቋቋመ የዘር ሐረግ ማኅበር ነው። ሁለት ሚሊዮን የሚበልጡትን የማይክሮፊልም ጥቅሎቹን፣ የመዝገብ ገጾች በትንሹ ፎቶ የተነሱባቸውን ፊልሞች ማለት ነው፣ ዲጂታል የማድረጉ ሥራ በ2021 አልቋል። ማውጫው ላይ ያለው ስም ግን አንድ ሰው አሮጌ የእጅ ጽሑፍ አንብቦ የተየበው ስለሆነ ገጹን ከፍቶ ዋናውን ምስል ማየት የግድ ነው።

ዘጠነኛው በትሕትና አንድ ነገር አረመ። የእንግሊዝ ምዝገባ በ1837 ይጀመር እንጂ ልጁን ያላስመዘገበ ወላጅ የሚቀጣው ከ1875 ወዲህ ስለሆነ፣ በመካከሉ የተወለደ ሰው ከመዝገቡ ቢጠፋ አልተወለደም ማለት አይደለም። የእሱ ቅድመ አያት ከእህት ከወንድሞቻቸው ጋር ስድስት ነበሩ፤ አምስቱ ተመዝግበዋል፣ እሳቸው የሉም። ሁለት ዓመት ሲፈልጋቸው ኖሮ በመጨረሻ ያገኛቸው በጥምቀት መዝገብ ነው።

10ኛ መልስ

ከዚህ ወዲያ ክሩ ትንሽ ከመንገድ ወጣ። አንድ ሰው የቤተሰባቸው ስም ኒው ዮርክ ወደብ፣ ስደተኞች ይገቡበት በነበረው የኤሊስ ደሴት ጣቢያ፣ በግዴለሽ ጸሐፊ እንደተቀየረ፣ ስለዚህም ፍለጋው እዚያ እንደተቆረጠ በምሬት ጻፈ።

11ኛ መልስ

ይህ መልስ ሳያስተዛዝን ተረት ነው አለው። ጣቢያው በ1892 ሲከፈትም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ ተቆጣጣሪዎቹ የሚሠሩት የመርከብ ኩባንያው በመነሻው ወደብ አዘጋጅቶ ከላከው የመንገደኞች ዝርዝር ላይ ነበር፤ ስሙን በአዲስ መልክ የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ስማቸውን የቀየሩ አብዛኞቹ በኋላ፣ ሥራ ሲይዙና ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ ራሳቸው ነው የቀየሩት። እውነቱ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን ሰውየውን አስቀየመው፤ አያቴን ዋሾ አልክ እስከማለት ደረሰ። የመጀመሪያዋ እናት ገብተው አበረዱት። የቤተሰብ ወግ ሲሳሳት እንኳ የሆነ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ስሙ መለወጡ እውነት ነው፣ የሳተው ማን እንደለወጠው ነው። ወጉን እንደ ወግ ጻፉት፣ ከማን እንደሰማችሁት ጨምሩበት፣ መዝገቡን ከጎኑ አኑሩት አሉ።

12ኛ መልስ

ስለ ዲኤንኤ ነው። መላሿ በቤቷ በምራቅ የተመረመረችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ እኔም አክስቴም ሳይረፍድ እንድንመረመር መከረች። ከእያንዳንዱ ወላጅ ግማሽ እንወርሳለን፤ የአጎትና የአክስት ልጆች በአማካይ 12.5 በመቶ ይጋራሉ፤ ከዚያ ራቅ ሲል መጋራቱ ስለሚሳሳ ትውልድ የሚቀርባቸው አረጋውያን መጀመሪያ ይመርመሩ ነው ምክሯ። ምርመራው የዘመዱን ማንነት ቁልጭ አድርጎ እንደሚናገርም ጻፈች።

13ኛ መልስ

ከክሩ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። መላሹ መጀመሪያ ስሌቱን አረመ፤ 25 በመቶ የሚጋራ ሰው በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኝ ወንድም፣ አጎት ወይም አያት ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩ ብቻውን ማንነትን አይናገርም። ከዚያ የራሱን ነገረን። ከእህቱ ጋር ለጨዋታ ያህል ተመረመሩ፤ በእናት ብቻ እንደሚገናኙ ታወቀ። ወረቀቱን ይዘው እናታቸው ጋር ገቡ። እናቲቱ ወጥ የምታማስልበትን ማንኪያ አስቀምጣ ምድጃውን አጠፋችና ምንም ሳትናገር መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጉዳዩ ተነጋግረው አያውቁም። እህቱ ማወቋን አትጸጸትም፤ እሱ የሚጸጸተው እናቱን ሳያዘጋጁ፣ ፈቃዷን ሳይጠይቁ በአንድ ምሽት ፊቷ ላይ መዘርገፋቸውን ነው። አክስቴን ከማስመርመሬ በፊት ምን ሊገኝ እንደሚችል እንዳስረዳቸው፣ አይሆንም ካሉ እንድተወው ለመነኝ።

14ኛ መልስ

አንድ ሰው እውነትን የሚፈራ የዘር ሐረግ ባይጽፍ ይሻለዋል ብሎ መለሰ። ሁለት ሦስት ሰዎች ተቆጥተው ስድብ ቀረሽ ነገር ሲሰነዝሩ አስተባባሪው ጥቂቱን አጥፍቶ አስጠነቀቀ። እኔ በዚህ ላይ ከአሥራ ሦስተኛው ጋር ነኝ። እውነቱ የሟቹ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ምድጃ አጠገብ የቆመችም ሴት አለችበት።

15ኛ መልስ

በሕይወት ያሉ ሰዎችን ስም፣ የልደት ቀንና የእናት የአባት ስም ክፍት ድረ ገጽ ላይ እንዳንጭን። ባንኮች ማንነትን ለማጣራት የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። በአንድ አረፍተ ነገር ጻፈው፤ የሚጨመርበት የለም።

16ኛ መልስ

መዝገቡ ተቃጥሎ ለቀረበት ሰው ሌላው ያጽናናበት ነው። የአሜሪካ የ1890 የሕዝብ ቆጠራ በ1921 በተነሳ እሳት አብዛኛው ጠፍቷል። ደብሊን ውስጥ በ1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ የአየርላንድ ቤተ መዛግብት ሲጋይ ከ1821 እስከ 1851 የነበሩት ቆጠራዎች ጥቂት ቅሪት ብቻ ተርፏቸዋል። የእንግሊዝና ዌልስ የ1931 ቆጠራ በ1942 ነዷል። መላሹ እንደሚለው እንዲህ ሲሆን ሰውየውን መፈለግ ትቶ ጎረቤቱን፣ የጋብቻ ምስክሩን፣ የክርስትና አባቱን፣ አብሮት መርከብ የተሳፈረውን መፈለግ ነው። ሰው ሲሰደድ ብቻውን አይሰደድም። ያልተቃጠለውም ቢሆን ወዲያው አይከፈትም፦ አሜሪካ ቆጠራዋን ከ72 ዓመት በኋላ ነው የምትለቀው፤ የ1950ው የተከፈተው በ2022 ነው።

17ኛ መልስ

ስለ ቀን መቁጠሪያ ነው፤ ለእኔ እስካሁን ባያስፈልገኝም ወድጄዋለሁ። እንግሊዝ በ1752 አዲሱን አቆጣጠር ስትቀበል ከመስከረም 2 ቀጥሎ መስከረም 14 ሆነ፤ ዓመቱ የሚለወጥበትም ቀን ከመጋቢት 25 ወደ ጥር 1 ዞረ። ጆርጅ ዋሽንግተን በተወለደበት ጊዜ በተጻፈው አቆጣጠር የካቲት 11 ቀን 1731 የተወለደው፣ በአዲሱ የካቲት 22 ቀን 1732 ነው። መዝገብ ላይ አንድ ሰው በሁለት ዓመት ተጽፎ ሲገኝ ሁለት ሰው ነው ብሎ መቸኮል አይገባም።

18ኛ መልስ

አንዲት የፎቶ ጥገና ባለሙያ ክሩን ከላይ ጀምራ አንብባ ኖሮ፣ ፎቶውን ከገጹ ለማላቀቅ እጄን እንዳላነሳ ቀድማ ያዘችኝ። የቆየ ሙጫ ሲሳብ የወረቀቱን ሽፋን ይዞ ይነሳል፤ የምፈልገው ጽሑፍ ያን ጊዜ ለሁለት ይሰነጠቃል። ገጹን እንዳለ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ ማንሳት፤ የተነሳውን ጥግ ሳያጥፉ ከጎን አድርጎ ማንሳት፤ ስም መጻፍ ካስፈለገም በለስላሳ እርሳስ ገጹ ላይ መጻፍ። የእስኪሪብቶ ጫና ከፊት ለፊት ምስሉ ላይ ሸንተረር ያወጣል፤ ፕላስተር ደግሞ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ይበላዋል። በእጄ ልስበው አስቤ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።

19ኛ መልስ

ይህም የእኔ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አክስቴ ጋር ሄድኩ። አስፈቅጄ መቅጃውን ከፈትኩ፣ አልበሙን ጭናቸው ላይ አኖርኩ፣ ዝም አልኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ቅጂው ላይ ከዚህ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ የሚሰማው የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነው። ለመናገር ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ።

ወጣቷ የወንድ አያቴ ታናሽ እህት ናት። ሴት አያቴ ከአባቴ ወሊድ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሲታመሙ ቤቱን የያዘችው፣ አባቴን አዝላ ያሳደገችው እሷ ነበረች። አላገባችም፣ ልጅ አልወለደችም፤ በወጣትነቷ አረፈች። አክስቴ ስሟን ሲጠሩ ከጥጉ ሥር የሚታዩት ሁለት ፊደላት የስሙ መጀመሪያ ሆነው አገኘኋቸው። ጽሑፉን ከዚያ በፊት አላሳየኋቸውም ነበር። የገለበጥኩት የዘር ሐረግ ውስጥ የለችም፤ መምህርቷ ባስተማረችኝ ቁጥርም ቀጥታ ቀዳሚዬ ስላልሆነች ቁጥር አይደርሳትም። ደብተሬ ላይ ለእሷ ሙሉ ገጽ ሰጥቻለሁ፤ ከስሟ ሥር ከአክስቴ ቃል፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ከፎቶው ጀርባ ሁለት ፊደል ብዬ ጽፌአለሁ። አክስቴ እስኪፈቅዱ ስሟን እዚህ አላወጣውም።

ስለ ምርመራው ነግሬያቸው ላስብበት ብለዋል።

ልነሳ ስል ሦስቱም ለምን ወደ ግራ እንደሚያዩ ጠየቅኋቸው። አክስቴ ጣታቸውን ከፎቶው ጠርዝ አሳልፈው ባዶው ገጽ ላይ አሳረፉ። ያኔ ስድስት ዓመታቸው ነው። አዲሱ ጫማ ጠቧቸው አልቅሰው ከፎቶው አልገባም ብለው ነበር፤ ካሜራ ከያዘው ሰው አጠገብ በባዶ እግራቸው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የሚያዩት እሳቸውን ነው።